በወሊድ ፈቃድ መሐል የሚያልቅ ውል

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል በጊዜያዊ ውል እሠራለሁ። ሐኪሜ የነገረችኝ የመውለጃ ጊዜና በውሌ ላይ የሰፈረው የማብቂያ ቀን እጅግ ስለተቀራረቡ፣ ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፤ እኔ አራስ ሳለሁ ውሉ ቢያልቅ ፈቃዴና ደመወዜ ምን ይሆናሉ? በመሥሪያ ቤታችን የሚሰማው መልስ «የኮንትራት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ የላትም» የሚል ነው። ይህ አባባል ስንት እናቶችን መብታቸውን ሳይጠይቁ እንዳስቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ሲደነግግ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም፤ ይህን ያህል ጊዜ ያገለገለች የሚል ቅድመ ሁኔታም አላስቀመጠም። በአንቀጽ 88 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስም ለምርመራ የምትሄድበት ጊዜ ይከፈላታል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ 60 ቀን ብቻ ስለነበረ፣ ሴት ልጅ የወለደች ኦርቶዶክሳዊት እናት የልጇ የሰማንያ ቀን ክርስትና ሳይደርስ ወደ ሥራ ትመለስ ነበር። የተጨመረው አንድ ወር ለእናትም ለሕፃንም ትልቅ ነገር ነው።

አዋጁ ከዚህም አልፎ፣ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪው የሴት ሠራተኛን ውል እንዳያቋርጥ ይከለክላል፤ በሕጉ የተመለከቱ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዙ ምክንያቶች ሲኖሩ ግን ክልከላው አይሠራም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። አሠሪ ውል ሲያቋርጥና ውል ጊዜው ደርሶ በራሱ ሲያበቃ በሕግ ዐይን አንድ አይደሉም። ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል የተባለው ጊዜ ሲደርስ በሕግ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ውሌ በእውነት ጊዜያዊ ከሆነ፣ አሠሪዬ «እኔ አላሰናበትኋትም፤ ውሏ አለቀ» ብሎ የቀሪውን ፈቃድ ደመወዝ ላለመክፈል ሊከራከር ይችላል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የኮንትራት ሠራተኛ ፈቃድ አላት ወይስ የላትም የሚለው ሳይሆን፣ ውሌ በእርግጥ ጊዜያዊ ነው ወይ የሚለው ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንቀጽ 10 ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በአንዱ ሲሸፈን ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ መተካት ይገኝበታል። እኔም መጀመሪያ የተቀጠርሁት የወሊድ ፈቃድ የወጣች የሥራ ባልደረባዬን ተክቼ እንድሠራ ስለነበር ያ ውል ሕጋዊ ነበር። እርሷ ግን ተመልሳ ከጎኔ ተቀምጣ ትሠራለች፤ የእኔ ውል ደግሞ በየጊዜው እየታደሰ፣ ድርጅቱ ዘወትር የሚያስፈልገውን የደንበኞች ሒሳብ እያስታረቅሁ ቀጥያለሁ። አሁን የምተካው ሰው የለም። ሥራው ቋሚ ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ የማብቂያ ቀን ስለተጻፈ ብቻ ውሉ ጊዜያዊ ሊሆን አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ የምሟገተውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ቢሯችንን የምታጸዳው እህታችን ነገር ደግሞ ይብስ ያሳዝነኛል። በኤጀንሲ በኩል የተመደበች ናት፤ ስለ ወሊድ ፈቃድ በጠየቀች ጊዜ ድርጅቱ ወደ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ወደ ድርጅቱ መራት። የቅጥር ውሏን የፈረመውና ደመወዟን የሚከፍለው ኤጀንሲው ስለሆነ አሠሪዋ እርሱ ነው፤ ፈቃዱንም መጠየቅ ያለባት ከእርሱ ነው። ይህን ነግሬያት ማመልከቻዋን አብረን ጽፈናል።

አሠሪዎች ለምን እንደሚሸሹ አይጠፋኝም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ከዚያ መዋጮ ግን ለወሊድ የሚከፈል ነገር ስለሌለ፣ የፈቃዱን ደመወዝ አሠሪው ብቻውን ይሸከማል። ወጪው በማኅበራዊ ዋስትና ቢሸፈን ኖሮ፣ ነፍሰ ጡርን በውል ማብቂያ ስም ማስወጣት ይህን ያህል የሚያጓጓ አይሆንም ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሴቶች መብት አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ሸክሙ በአንድ ትንሽ ድርጅት ትከሻ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አላለም።

የፊታችን ሰኞ የሐኪም ማስረጃዬን አያይዤ ለሰው ኃይል አስተዳደር ደብዳቤ አስገባለሁ፤ በቅጂው ላይም የገቢ ማኅተም አስደርጋለሁ። በደብዳቤው የቅድመና የድኅረ ወሊድ ፈቃዴን ከመጠየቅ ባሻገር፣ ውሌ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ እንዲቆጠርልኝ አመለክታለሁ። ውሌ ቢቋረጥ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ ስድስት ወር አለ። የሦስቱ ወር ጊዜ እኔ ገና ሳላገግም ሊያልፍ ስለሚችል፣ የታደሱትን ውሎች ሁሉና የደመወዝ ማስረጃዎቼን በአንድ ፋይል አድርጌ ለባለቤቴ ሰጥቼዋለሁ፤ እኔ መንቀሳቀስ ባልችል እርሱ በውክልና እንዲከታተልልኝም ተስማምተናል።