የኔታና የቡድሃ መጻሕፍት

ዛሬ ደብረ ብርሃን የኔታን ልጠይቅ ስሄድ የእህቴን ልጅ ይዣት ሄድኩ። የቡድሃን መጻሕፍት ማንበብ ጀምራ ተሰላችታለች። በፓሊ ቋንቋ የቆየው ስብስብ «ሦስቱ ቅርጫቶች» ይባላል፤ እሷ ከመጀመሪያው፣ ከመነኮሳቱ ሥርዓት ገብታ እዚያው ቀርታለች።

የኔታ ሰሙና «ልጄ፣ ከፊደል ተነሥቶ ቅኔ ቤት የሚገባ አለ? እኛም ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምረን ነው ዳዊት የደረስነው» አሏት።

ያኔ ዳማፓዳ የሚባለው መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ከሁለተኛው ቅርጫት፣ ከቡድሃ ትምህርቶች ነው፤ 26 ምዕራፍ፣ 423 አጫጭር ግጥሞች። የመጀመሪያውን ከስልኬ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ በክፉ ሐሳብ የሚናገርን ወይም የሚሠራን ሰው መከራ ይከተለዋል፣ የጋሪ እግር የሚጎትተውን በሬ ኮቴ እንደሚከተል።

የኔታ ዝም አሉ። ፊደል የሚያስቆጥሩበት ስንደዶ ጣታቸው መሀል ነበር፤ ጫፉ ከፊደል ገበታው ላይ ሲመላለስ ውሎ ተፈርፍሯል። ከደጅ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል።

ለካ ጀማሪን የሚይዘው አጭርና የሚደጋገም ቃል ነው፣ በየትኛውም እምነት። የመነኮሳቱ ሥርዓትም፣ የሦስተኛው ቅርጫት ትንታኔም ቆይቶ ይደርሳል።

«እስኪ ድገሚልኝ» አሏት። ስልኬን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችላቸው።

«እንደ ዳዊት ለየቀኑ ከፍለሽ ያዢው» አሉ።