ክብ የተደረገው ቀዳዳ

ስብሰባው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እጄን አነሳሁ። «የኦዞን ፋይላችን ኬንትሮስ የለውም» አልኩ።

አለቃችን ቀና ብሎ አየኝ። «አያስፈልገውም። አማካዩ ያው ነው። ጠቅላላው ኦዞን ካልተለወጠ ምን ሊለወጥ ይችላል?»

መልስ አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያስመስለው ሞዴላችን የኦዞንን ኬሚስትሪ ራሱ አያሰላም። የኮምፒውተር ሰዓቱ ስለማይቻል ከተዘጋጀ ፋይል ያነባል። በዚያ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ኬክሮስ፣ በየከፍታውና በየወሩ፣ ዓለምን ዙሪያውን የሚወክል አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በአንታርክቲካ ላይ ኦዞን የሚሳሳበት ቦታ፣ የኦዞን ቀዳዳ የሚባለው፣ ዋልታውን መሐል አድርጎ በኮምፓስ የተሰመረ ክብ ይሆናል።

የሳተላይት ካርታ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል። ቀዳዳው የሚፈጠረው በዋልታው ዙሪያ በሚሽከረከረው ብርድ አየር ውስጥ ነው። ከታች የሚነሱ ግዙፍ የአየር ሞገዶች ሽክርክሪቱን ይገፉታል። በደቡቡ ጸደይ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ አሜሪካና ወደ አትላንቲክ ያጋድላል። ከአውስትራሊያ በታች ደግሞ ኦዞን የበዛበት አየር ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቀዳዳው ጭራሽ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ቡና ማሽኑ ጋ አንድ ባልደረባችን ጠበቀኝ። የፑንታ አሬናስ ልጅ ነው። ከተማዋ በቺሊ ጫፍ፣ 53 ዲግሪ ደቡብ ላይ ናት። አንዳንድ ቀን የቀዳዳው ጠርዝ ከላይዋ ያልፋል። እዚያ የጨረር ማስጠንቀቂያ በቀለም ይነገራል።

«ማኳሪ ደሴትን ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

አውቃታለሁ። ከኒውዚላንድ በታች ያለች፣ ከፑንታ አሬናስ ብዙም የማይርቅ ኬክሮስ ላይ የምትገኝ ደሴት ናት።

«ታዲያ በዚህ ፋይል የእናቴ ቤትና ማኳሪ በጥቅምት እኩል ኦዞን ነው ያላቸው?»

ሊያሾፍ አልነበረም። ፊቱ ላይ የማየው ቅሬታ ነበር። እኔም የዚያን ቀን ማታ ሥራውን ጀመርኩ።

ሞዴሉን ሁለት ጊዜ ራን አደረግኩት፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስኬድኩት። አንዱ በክቡ ፋይል፣ ሌላው ኬንትሮስ ባለው ፋይል። የሁለቱ አማካይ አንድ እንዲሆን ተጠንቅቄያለሁ፤ የተጠየቅኩት እሱን ነዋ። ኬንትሮስ ባለው ራን የዋልታው ስትራቶስፌር፣ ኦዞኑ ያለበት የላይኛው የአየር ንብርብር፣ በጸደይ ይበልጥ ቀዘቀዘ። ሽክርክሪቱም በረታ።

ምክንያቱ ሲገባኝ የአለቃችንን ጥያቄ መመለስ ቻልኩ። ኦዞን የፀሐይ ጨረር ውጦ አየሩን ያሞቃል። ሽክርክሪቱ ከዋልታው ሲንሸራተት ክቡ ቀዳዳ ባለበት ይቀራል። ያኔ ኦዞን አልባ መሆን የነበረበት ብርድ አየር በፋይሉ ምክንያት ኦዞን ይሰጠዋል። ፀሐይ ስትመለስ ያለ አግባብ ይሞቃል። ጠቅላላው መጠን ያው ነው፤ ቦታው ግን የእሱ አይደለም። ጉዳቱም እላይ አይቀርም። የዚያ ቅዝቃዜ ማነስ ዝናብ ይዘው የሚመጡት የምዕራብ ነፋሶች በበጋ ወደ ዋልታው መሸሻቸውን ያሳንሰዋል። የደቡቡን ንፍቀ ክበብ ዝናብ ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ካርታዎቹን ይዤ ገባሁ። አለቃችን ብዙ ቆየባቸው። ከዚያ «ጥሩ ነው» አለ። «ግን በሞዴሉ ውስጥ ሽክርክሪቱ ወደ ሌላ ጎን ቢሄድ የአንቺ ቀዳዳ ይከተለዋል?»

አይከተለውም። እኔ ያስገባሁትም ፋይል ነው። ቀዳዳው በየወሩ የተጻፈለት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ነፋሱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። እንደ 2002 ያለ ዓመት በሞዴሉ ቢመጣ የእኔም ቀዳዳ ከነፋሱ ይለያያል። አብሮ የሚሄደው ኬሚስትሪው ሞዴሉ ውስጥ ሲሰላ ብቻ ነው።

«አይከተለውም» አልኩት። በዚህኛው ዝም አላልኩም።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ያዘንኩት በሌላ ነው። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ያንን ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ ቢያነሳው ከመጀመሪያው አብረን በሠራነው ነበር። እሱ ግን «አያስፈልገውም» ብሎ ዘጋው።

ፋይሉ ተቀየረ። አሁን ለኬሚስትሪው የኮምፒውተር ሰዓት እየጠየቅን ነው፤ ማመልከቻውን ሦስታችን ነን የጻፍነው። የመጀመሪያው ሥዕል የጥቅምት ካርታ ነው። ባልደረባዬ ፑንታ አሬናስ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጎበታል።