ሰው በምን ያፍራል? ከካጁራሆ እስከ አምስተርዳም

ካጁራሆ፣ ሕንድ ውስጥ ያለችው የጥንት ቤተ መቅደሶች ከተማ፣ የደረስነው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ባቡሩ ዘግይቶ ነበር። ክፍሉን ቀድመን ይዘን፣ ቀብድም ከፍለን ስለነበር አልተጨነቅንም። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቴን ብቻ እያየ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የአባት ስማችሁ አንድ አይደለም። የጋብቻ ወረቀት ይዘዋል?» አለው።

የጋብቻ ወረቀት ይዞ አገር የሚዞር ማን አለ? ቀለበታችንን አሳየሁት። ስልኬ ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ አሳየሁት። ወይ ፍንክች። ባልና ሚስት መሆናችሁን ካላረጋገጣችሁ ሁለት ክፍል ያዙ፣ የሁለት ክፍል ዋጋ ክፈሉ አለን። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ቀብዱ አይመለስም። በንዴት ጦፍኩ። ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ሲያወራ አንዴም ወደ እኔ አላየም። በሕንድ ሁለት አዋቂዎች ሳይጋቡ ሆቴል አንድ ክፍል እንዳይተኙ የሚከለክል ሕግ የለም። ብዙ ሆቴሎች ግን የራሳቸውን ሕግ አውጥተው ያልተጋባ ጥንድ አናስገባም ይላሉ።

ደግነቱ ከጣቢያ ያመጣን የባጃጅ ሹፌር ገና አልሄደም ነበር። ነገሩ ሲገባው ራሱን ነቀነቀና ሻንጣችንን መልሶ ጫነ። አክስቱ ቤት ወሰደን። ሴትዮዋ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ሻርፕ ጣል አድርጋ ወጣች። አንዴ አየችን። ሻይ አፈላች፣ አልጋ አነጠፈች፣ በሩን ዘግታልን ሄደች። ስለ ወረቀት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጠዋት 800 ሩፒ ስንሰጣት በዛ ብላ ልትመልስልን ነበር።

ያን ዕለት ቤተ መቅደሶቹን አየን። የምዕራቡ ክፍል መግቢያ ለውጭ አገር ሰው 600 ሩፒ ነው። አብዛኞቹን የሠሯቸው የቻንዴላ ነገሥታት ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ950 እስከ 1050 ባሉት ዓመታት። 85 ነበሩ ይባላል፣ ዛሬ የቀሩት 25 ገደማ ናቸው። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ዓለም ካጁራሆን የሚያውቀው በወሲብ ቅርጾቹ ነው። እነሱ ግን ከጠቅላላው ትንሹን ቦታ ነው የያዙት። የቀረው ሰልፈኛ ወታደር ነው፣ ዝሆን ነው፣ ሙዚቀኛ ነው፣ ከእግሯ ላይ እሾህ የምትነቅል ሴት ናት። ወሲቡም ተነጥሎ ጓዳ አልገባም። ካንዳሪያ ማሃዴቫ በሚባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከአማልክቱ ጎን፣ እኩል ተጠርቦ ይታያል።

እኔን ያስቆመኝ ግን ላክሽማና ቤተ መቅደስ ነው። ከመሠረቱ ዙሪያ አንድ ረጅም የድንጋይ ጥልፍ ይሄዳል። ጠራቢው እዚያ ላይ ማንንም የሚያስደነግጥ ነገር ቀርጿል። ከትዕይንቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ሴት በእጇ ፊቷን ሸፍና ቆማለች። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ድፍረቱንም እፍረቱንም አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል። ያንን ሳይ ጥንት ሰው ሁሉ ልቅ ነበር የሚለው ወሬ ጨርሶ አልዋጥልህ አለኝ።

ከጎኔ አንዲት አሮጊት ልጆቻቸውን አስከትለው ነበር። አንዱን ቅርጽ አይተው ለልጃቸው የሆነ ነገር ሲሏት ተሳሳቁ። ማንም አልተሸማቀቀም። በ1838 እዚህ የመጣው እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኤስ. በርት ግን ጠራቢው ነገሩን ከሚያስፈልገው በላይ ሞቅ አድርጎታል ብሎ ጽፏል። እንግሊዞች ኋላ በ1860 ባወጡት የወንጀል ሕግ «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ» ያሉትን ግንኙነት ከለከሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን አንቀጽ በአዋቂዎች ፈቃድ በሚሆነው ግንኙነት ላይ እንዳይሠራ ያደረገው በሴፕቴምበር 2018 ነው። የሌሊቱ እንግዳ ተቀባይ የቆመው ከእነዚያ ግድግዳዎች በእግር በሚደረስበት ቦታ ነበር።

ስለ ሉጉ ሐይቅ ብዙ ማውራት እፈልጋለሁ፤ በጣም የሚወራበት፣ በጣምም የሚዋሽበት ቦታ ስለሆነ። ሐይቁ ቻይና ውስጥ፣ በዩናንና በሲቹዋን ድንበር ላይ ነው። ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ከሊጂያንግ የወሰደን መንገድ ጠመዝማዛ ነበር፤ ከእሱ የማስታውሰው ማስመለሴን ብቻ ነው። መግቢያው ላይ 70 ዩዋን ከፈልን። ሐይቁን ሳይ ድካሙ ጠፋልኝ። ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ በላዩ ላይ ጠባብ የእንጨት ጀልባዎች ይሄዳሉ።

እዚያ የሚኖሩት ሞሱዎዎች ናቸው። በባህላቸው ቤቱ የእናት ነው። ልጆች ሁሉ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ዕድሜ ልካቸውን እናታቸው ቤት ይኖራሉ። ሴት ልጅ ስታድግ የራሷ ክፍል ይሰጣታል። የወደደችው ሰው ማታ ይመጣል፣ ንጋት ላይ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ልጅ ከተወለደ የሚያድገው በእናቱ ቤት ነው። አባት ከሚባለው ይልቅ የሚያሳድገው አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም ነው። አባቱ ማን እንደሆነ ግን በአብዛኛው ይታወቃል፤ በበዓል ቀን ስጦታ ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ጥንዶች ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይዘው ለረጅም ዓመታት ይቆያሉ።

ለቱሪስት የሚሸጠው ወሬ ሌላ ነው። «የሴቶች መንግሥት» ይሉታል። የፈለጉትን በየሌሊቱ የሚያገኙበት አገር አስመስለው ያቀርቡታል። ያን ወሬ የሰሙ ወንዶች ስለሚጎርፉ፣ ከሌላ አካባቢ የመጡ ሴቶች የሞሱዎ ልብስ ለብሰው ገላቸውን የሚሸጡባቸው ቤቶች እስከ መከፈት ተደርሶ ነበር። ማታ በእሳት ዙሪያ የሚጨፈረውን ጭፈራ ለማየት ትኬት ገዛን። ድሮ አንድ ወጣት ሲጨፍር የያዛትን ልጅ መዳፍ በጣቱ ቧጨር ካደረገ እፈልግሻለሁ ማለቱ ነው። እሷም ከቧጨረች እሺ አለች ማለት ነው። ይህን አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ ሲናገር የቱሪስቱ ወንዶች እየጮኹ ወደ ልጃገረዶቹ ተሯሯጡ። ልጃገረዶቹ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደርቆ እጃቸውን ሰጧቸው። አንጀቴ አረረ። ጭፈራው ሳያልቅ ወጣን።

ያረፍንበት ቤት እመቤት ስልሳዎቹን የተሻገሩ ናቸው። ምድጃ ያለበት የአያት ክፍል ውስጥ ተሰብስበን እንቀመጥ ነበር። እሳቱ አይጠፋም። የእመቤቲቱ ወንድም የእህቱን ልጅ፣ ትንሽዬዋን፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፀጉሯን ይጎነጉናል። እንዴት ያለ ትዕግስት ነው! አንድ ሌላ እንግዳ ቻይናዊ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው፣ እመቤቲቱን በወጣትነትዎ ስንት ወንድ ይመጣልዎት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። እየሳቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ ቆመ። ወንድምየው ልጅቷን አነሳ፣ ምንም ሳይል ወጣ። ሌላው የእህት ልጅም ተከትሎት ወጣ።

በኋላ አስተርጓሚያችን ነገረን። እህትና ወንድም ባሉበት ስለ ፍቅርና ስለ ወሲብ አንዲት ቃል አይነሳም። ቀልድም አይቀለድም። ወንዱ በሌሊት መጥቶ በንጋት የሚሄደውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ከልጅቷ ወንድሞች ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ። ዓለም ልቅ ብሎ የሚያማቸው እነዚህ ሰዎች፣ ስለዚህ ጉዳይ እኔ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ በላይ አፋቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ነውር የሌለበት አገር አላጋጠመኝም። አንዱ አልጋው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው አፉ ላይ።

በማግስቱ ወንድምየው ወደ እርሻ ሲሄድ እመቤቲቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በአስተርጓሚ እሳቸው እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። «የምትኖሪበት ቤት የማን ነው ልጄ?» የሁለታችንም ነው አልኳቸው። «ቢተውሽስ?» እንካፈላለን። «ልጆቹንስ?» ዝም አልኩ። እጄን ይዘው አዘኑልኝ። እሳቸው ዘንድ ፍቅር ቢያልቅ ሰውየው መምጣቱን ያቆማል፣ አለቀ። ቤት አይፈርስም፣ እርሻ አይካፈልም፣ ልጅ ከአልጋው አይነሳም። በባህል አብዮት ዘመን ካድሬዎች መጥተው በግድ እንዳጋቧቸውና አንድ ጣሪያ ሥር እንዳስገቧቸው ነገሩኝ። ዘመቻው ሲያልፍ ብዙዎቹ ወደየእናታቸው ቤት ተመልሰዋል። የእሳቸው እናትም እንደዚያው።

እኔ በዚያ ሥርዓት መኖር አልችልም። ንጋት ላይ ባለቤቴ ተነስቶ ሲሄድ ማየት አልፈልግም። ግን ያ አጎት ፀጉር ሲጎነጉን ያየ ሰው፣ ሌላው ሥርዓቱን «የዱር» ብሎ ሲጠራው ቢሰማ ዝም ሊል አይገባም።

ጃፓንን በአጭሩ ልለፈው። በኤፕሪል የመጀመሪያው እሑድ ካዋሳኪ ውስጥ ካናያማ በምትባል ትንሽ መቅደስ በዓል አለ። የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸው ሦስት ታቦት መሳይ ነገሮች በሰው ትከሻ እየተወዛወዙ ይዞራሉ። አንዱ ደማቅ ሮዝ ነው። በኢዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ሴተኛ አዳሪዎች ከአባላዘር በሽታ እንዲጠበቁ እዚህ ይጸልዩ ነበር። ዛሬ ከበዓሉ የሚገኘው ገቢ ለኤችአይቪ ምርምር ይውላል። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ባልና ሚስቶች፣ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ባቡር ውስጥ ገባን። ጸጥ። አንድም ጥንድ ተቃቅፎ አላየሁም።

የዚያን ቀን የመጨረሻው ባቡር አመለጠንና ቶኪዮ፣ ሺቡያ ሰፈር፣ ዶገንዛካ አቀበት ላይ ካሉት የፍቅር ሆቴሎች አንዱ ገባን። የሚከፈለው ለሰዓታት ዕረፍት ወይም ለአዳር ነው፤ አዳሩ ወደ 9,000 የን ነበር። እንግዳ ተቀባይ የለም። ግድግዳው ላይ የክፍሎቹ ፎቶ በርቷል፤ የጠፋው ተይዟል ማለት ነው። ገንዘቡን በጠባብ ቀዳዳ ሰጠን፣ አንዲት እጅ ተቀብላ ቁልፍ ሰጠችን። የባለ እጇን ፊት አላየንም፣ እሷም የእኛን አላየችም። ወረቀት የጠየቀን የለም። ካጁራሆን ሳስታውስ ሰውየውን እዚህ አምጥቼ ባሳየሁት አልኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አሁንም ያበሳጨኛል። ጃፓን በ1999 ቪያግራን በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ፈቀደች። አነስተኛ መጠን ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለሴቶች የፈቀደችው በዚያው ዓመት ነው፤ እሱ ግን አሥርት ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። የወንዱ ጉዳይ ሲሆን እንዴት ፈጠነ?

አምስተርዳም ያረፍነው የባለቤቴ ወዳጅ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ከክፍሏ ወጥታ ቁርስ ተቀመጠች። አባቷ ለወጣቱ ዳቦ አቀበለው። እናቷ በትምህርት ቤት ስለ ሰውነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ እምቢ ማለት ከትንሽነት ጀምሮ እንደሚያስተምሩ፣ በየዓመቱ በመጋቢት ገደማ ለዚሁ የተለየ ሳምንት እንዳለ አጫወተችን። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አይደለም፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራው ነበር። እኔ ያደግኩት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ በማይባልበት ቤት ነው። መጀመሪያ ጆሮዬ ጋለ። ወዲያው ግን በልጅነቴ ማንን ልጠይቅ እያልኩ የጨነቀኝ ሁሉ ትዝ ብሎኝ በልጅቷ ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ድ ቫለን ወደሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሄድን። ሴቶቹ የሚቆሙባቸው መስኮቶች አውደ ከርክ የሚባለውን፣ የከተማዋን እጅግ አሮጌ ሕንጻ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከበውታል። የሴተኛ አዳሪ ቤቶች እገዳ የተነሳው በኦክቶበር 2000 ነው። አደባባዩ ላይ ከ2007 ጀምሮ በር ላይ የቆመች ሴት ሐውልት አለች፤ በዓለም ዙሪያ በወሲብ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ይከበሩ የሚል ጽሑፍ ተጽፎባታል። ከ2020 ጀምሮ አስጎብኚ ቡድን አስከትሎ በመስኮቶቹ ፊት ማለፍ ክልክል ነው። ሴቶቹን ፎቶ ማንሳት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው።

አንድ ጎብኚ ግን ስልኩን አነሳ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት መስታወቱን በቁጣ ደበደበች። ጎብኚው ሳቀ። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ብስክሌታቸውን አቁመው ፊቱ ተገተሩ። «ሥራ ላይ ናት። አጥፋው» አሉት። ሊያልፋቸው ሲል ብስክሌቱን ገጭ አድርገው መንገዱን ዘጉበት። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ፣ ባለቤቴም መጣ። ሰውየው ሦስታችንንም አየና ፎቶውን አጠፋ። ሴትዮዋ ስልኩን አስገልብጠው ካረጋገጡ በኋላ ነው የለቀቁት።