የግራ ቅንድቤ እና የማስተማር ልምምዴ

እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር የማይቀሩ አንዲት ጎረቤት አሉን፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ምን ልማር እንደሆነ ጠየቁኝ። «ሥዕል ነው እትዬ፤ የሥዕል መምህር ልሆን ነው» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው አዩኝ። «ሥዕሉስ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ትምህርቱስ?»

ይህቺን «ትምህርቱስ?» ስሸሽ ሦስት ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን ቆረጥኩና ስለ አፈወርቅ ተክሌ ነገርኳቸው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል የሠሩት እኚህ ሰው በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል የዞሩት እዚያ ከሄዱ በኋላ ነው። የረታሁ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ፊታቸው በራ። «አየህ! መጀመሪያ ምሕንድስና ነው እንጂ! አንተም እሱን ጀምርና ከዚያ ትዞራለህ።» እናቴ ሳቋን ለመደበቅ እሳቱን ማራገብ ጀመረች።

ትምህርቴን ይናቁት እንጂ ሥዕል ያስፈለገው የሰፈር ሰው ሁሉ በሬን ያውቀዋል። የዘመድ ልጆች የልብና የኩላሊት ሥዕል የቤት ሥራ ሲሰጣቸው የሚሥለው እኔ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው አቮካዶም የእኔ ነው። የእርግብ እንቁላል ነው የሚሉ አሉ፤ አልከራከራቸውም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለማስተማር ልምምድ ወጣንና አምስተኛ ክፍል ደረሰኝ። ትምህርቱ የክወናና የእይታ ጥበባት ይባላል። እንዲህ በመባሉም ያው አንዱ መምህር ሙዚቃውንም፣ ውዝዋዜውንም፣ ድራማውንም፣ ሥዕሉንም ተሸክሞ ይገባል። እኔ ዋሽንት ስነፋ የሚሰማው ዋሽንቱ ሳይሆን ትንፋሼ ነው። ስወዛወዝ ምን እንደምመስል እዚህ አልጽፍም። ስለዚህ ገምጋሚው መምህሬ ማክሰኞ እንደሚመጡ ስሰማ ተስፋዬን በሙሉ የሰው ፊት አሣሣል ላይ ጣልኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ልጅ ሁሉ፣ አዋቂውም ጭምር፣ ዓይንን የሚሥለው ግንባር ላይ ነው። ከአናት እስከ አገጭ ብትለኩ ግን ዓይን ያለው ልክ መካከሉ ላይ ነው። በቃል ሲነገር ማንም አያምንም። እኔም አንደኛ ዓመት ላይ ራሴን በመስታወት ፊት በክር እስክለካ ድረስ አላመንኩም ነበር። ታዲያ ተማሪዎቼ እየዳሰሱ የሚለኩት ፊት ቢኖር ብዬ የራሴን ፊት በጀሶ ልቀርጽ ተነሣሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እኛ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ሥራ ጀመርን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፋሻ ትቆርጣላችሁ፣ በጀሶ ትነክራላችሁ፣ ፊት ላይ በስሱ ትደራርባላችሁ። ጀሶው ጠጉር ይዞ እንዳይቀር ግን አስቀድሞ ቫዝሊን መቀባት የግድ ነው። ቫዝሊኑ የእህቴ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ከታች የቀረው በጣት የሚጠረግ ብቻ ሆነ። ግንባሬን፣ ጉንጮቼን፣ አፍንጫዬን፣ የቀኝ ቅንድቤን ቀባሁ። ወደ ግራው ስደርስ ጣቴ ላይ የቀረው ወዝ ብቻ ነው። «ይበቃዋል» አልኩ። የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ይህች ቃል ናት።

ጓደኛዬ ደግሞ ደግ ልጅ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን እንዳይረብሸኝ ብሎ ጀሶውን በሞቀ ውሃ በጠበጠው። ጀሶ ማለት ድንጋዩ ተጠብሶ በውስጡ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣ ዱቄት ነው። ውሃ ሲያገኝ የጎደለውን መልሶ ይጠጣና ድንጋይ ይሆናል፤ ሲጠነክርም ይሞቃል። በዚህ ላይ ውሃው ራሱ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚቸኩል ሁለታችንም ተምረናል፣ ሁለታችንም ረስተናል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ሲለጥፍ የመጀመሪያዋ ደርቃ ነበር። ዓይኔና አፌ ተሸፍነዋል፤ የቀሩልኝ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ለማንሣት ሞከረ። ሁሉም ለቀቀ፤ የግራ ቅንድቤ ግን እምቢ አለ።

«በውሃ እናርሰው» አለና እጄን ይዞ መራኝ። ቧንቧው ያለው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወደ ግቢ የሚወጣው ደግሞ በሳሎን በኩል ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

ምንም አላየሁም፤ የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። መጀመሪያ «በስመ አብ ወወልድ!» የሚል የእትዬ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሲኒ ሲሰበር። «እኔ ነኝ፣ አትደንግጡ» ለማለት ብሞክር የወጣው «ምምምም» ብቻ ሆነ፤ ይህም ሁለተኛ ሲኒ አሰበረ። ያዳነኝ ካልሲዬ ነው። «ቆይ፣ ይሄ ካልሲ የልጄ ነው!» አለች እናቴ።

ከዚያ ምክር ዘነበብኝ። እትዬ ጠበል ይረጭ አሉ። ሌላዋ ጎረቤት ለጋ ቅቤ ያሟሟዋል አሉ። እህቴ ከውጭ ገብታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ቫዝሊኔን ጨረሳችሁት?» በመጨረሻ ከጀርባችን የሚኖሩት፣ የጣሪያ ጀሶ ሥራ የሚሠሩት ጋሼ ተጠሩ። መጥተው ጉንጬን በጣታቸው አንኳኩ። ቧጨር አደረጉት። «ጥሩ ይዟል፤ ስንጥቅ የለውም» አሉ፤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። «ውሃውን አሙቃችሁታል፣ አይደል?» ጓደኛዬ አመነ። «ያስታውቃል» አሉና፣ ጥርሴን እንድነክስ ነግረውኝ፣ ሦስት እቆጥራለሁ ብለው ሁለት ላይ ነቀሉት።

አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ።

ጭምብሉን ገልብጠን ስናየው የግራ ቅንድቤ ከነቅርጹ፣ አንድም ጠጉር ሳይዛነፍ፣ ውስጡ ተተክሏል። በሦስት ዓመት ትምህርቴ ከእኔ እጅ የወጣ እንደዚያ እውነተኛ ቅንድብ የለም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጠዋት ግን ተጽናናሁ። ሥዕል አይደለም እንዴ የምማረው? መስታወት ፊት ቆሜ በሥዕል ከሰል ቅንድብ ሣልኩ፤ እውነት ለመናገር ከቀኙ ያምር ነበር። ችግሩ ከሰል ማድረቂያ ካልተረጨበት በነኩት ቁጥር መልቀቁ ነው። እኛ ተማሪዎች የእውነተኛው ማድረቂያ ዋጋ ስለማይቀመስ የፀጉር ስፕሬይ እንረጫለን። ስፕሬዩ ያለው እህቴ ዘንድ ነው። «መጀመሪያ ቫዝሊኔን» አለችኝ። ሳይረጭ ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ልጆች ነበሩ። ገምጋሚዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ተቀምጠዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጀመርኩ። ጥንታውያን ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርገው፣ ክፉውን ግን በጎኑ አዙረው ባለ አንድ ዓይን እንደሚሥሉት፣ ይሁዳን ከሌሎቹ ሐዋርያት በዚህ መለየት እንደሚቻል አስረዳሁ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ ሞቀኝ፣ ላበኝ፣ ግንባሬን በእጄ ጠረግሁ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ቅንድብዎ ወደ ጆሮዎ ሄዷል።»

ምን ይደረጋል? እውነቱን ተናገርኩ፣ ጭምብሉንም አወጣሁ። ዓይን መካከል ላይ መሆኑን በክር እንዲለኩ ነበር ያሰብኩት። ክሩን ያስታወሰ የለም፤ ሁሉም ተራ በተራ ቅንድቤን ዳሰሱ። ከዚያ ጊዜው እንዳያልቅ ብዬ «በሉ አሁን መምህራችሁን ሣሉ» አልኩ።

ወረቀቱን ስሰበስብ ልቤ ወረደ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በጎን ነው የሣሉኝ። ባለ አንድ ዓይን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባስተማርኳቸው ሕግ ይሁዳ አደረጉኝ። ገምጋሚዬ ከኋላ ተነሥተው አንዱን ልጅ ለምን እንደዚያ እንደሣለ ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ እኔ እንዳልሰማ በሹክሹክታ፣ «ያ የጎደለው እንዳይታይባቸው ብለን ነው» አለ።

ይሉኝታቸው ነው እንግዲህ ክፉ ያደረገኝ። አንድ ልጅ ብቻ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን አንድ ቅንድብ አድርጎ፣ ከሰሉንም ጆሮዬ ሥር ሳይረሳ ሥሎኛል። ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ።

ገምጋሚዬ የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም በሚለው ሥር ሙሉ ነጥብ ሞሉልኝ። የመምህሩ ገጽታ የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አንሥተው ትንሽ አሰቡ። «የትኛውን በኩልህን ልሙላ?» አሉኝ።

ጭምብሉን እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ባለፈው እሑድ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ለቡና መጥተው ምን እንደምማር ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው። «ሥዕሉስ ጥሩ ነው» አሉ ዘመዳችን፤ «ትምህርቱስ?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ቀደሙኝ። «ምን ትምህርቱስ ይላሉ!» አሉ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። «ቅንድብ ነው እኮ የሚያስከፍሉት!»