መንግሥት በአውሮፕላን ሲመጣ

ዛሬ ፈረቃ ስላልነበረኝ እዚህ የሎውናይፍ ከተማ (በሰሜን ካናዳ ያለው የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ግዛት ዋና ከተማ) ያለውን የግዛቱን ምክር ቤት ገብቼ አየሁት። ስንቱን ሰው በታክሲ በሩ ላይ አድርሼ ተመልሻለሁ! አዳራሹ ክብ ነው፣ መሃል ወለሉ ላይ የነጭ ድብ ቆዳ ተነጥፏል። 19ኙ ተመራጮች ፓርቲ የላቸውም፤ ፕሪሚየሩንም (የግዛቱን መንግሥት መሪ) ከመሃላቸው ራሳቸው ይመርጣሉ። ይፋዊ ቋንቋው ደግሞ 11! (እኛ በስንቱ እንጨቃጨቃለን።) ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ይህ ሁሉ ግዛት በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ርቃ ካለችው የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ሆኖ ነበር የሚተዳደረው፤ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የግዛቱ አስተዳዳሪ የነበረው ኮሚሽነር ስቱዋርት ሆጅሰን ሠራተኞቹን ይዞ በአውሮፕላን መጣ። መንግሥት በሻንጣ በሉት። ስወጣ መኪናዬ አልነሳም አለች፣ ለካ በዚህ ብርድ የሞተር ማሞቂያዋን ሶኬት ላይ ሳልሰካ ነው የገባሁት።