ኢፌክት ሳይዝ ስቀይር ያሰረኝ ጉዳይ

ትናንት ማታ የሜታ አናሊሲሴ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የማጠቃለል ሥራ) ሰንጠረዥ ሞላ። የሁሉም ጥናት ኢፌክት ሳይዝ (የልዩነቱ ወይም የለውጡ መጠን) በአንድ መለኪያ፣ በኮኸን ዲ፣ ተቀምጧል። ኮኸን ዲ የአማካዮች ልዩነት ለስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ለሚሰራጩበት ስፋት) ሲካፈል የሚገኝ ነው። ደስታዬን ለብቻዬ ልይዘው አልቻልኩም።

የኦድስ ሬሾዎቹ (አንድ ነገር የመከሰት ዕድሉን በሁለት ቡድኖች የሚያነጻጽሩት ቁጥሮች) ነገር ቀላል ነበር። ናቹራል ሎጉን ወስዶ በ0.5513 ማባዛት ነው። የሎጉ ቫሪያንስ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየው) ደግሞ በ0.304 ይባዛል። እሱን እንዳትረሱ፤ እኔ ረስቼ ግማሹን ደግሜ ሠርቻለሁ።

የከበደኝ የ"በፊት እና በኋላ" ጥናቶቹ ናቸው። ያው ሰው ሁለቴ ይለካል። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚሰጡት የለውጡን አማካይና የለውጡን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብቻ ነው። እኔም አማካዩን ለስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አካፍዬ አለፍኩ። በኋላ ሳየው እነዚህ ጥናቶች ብቻ ከሌሎቹ ሁሉ በልጠዋል። ጥርጣሬ ገባኝ።

ለካስ የአንድ ሰው ሁለት ውጤቶች በጣም ሲቀራረቡ የለውጡ ስርጭት ይጠባል። በጠባብ ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ውጤቱ ያብጣል። አማካይ ለውጡ 4፣ የለውጡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 5 ነው እንበል። ሲካፈል 0.8 ይመጣል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ኮሪሌሽን (የመያያዛቸው መጠን) 0.8 ከሆነ ግን፣ የለውጡን ስርጭት ወደ ልኬቶቹ ስርጭት ለመመለስ፣ መጀመሪያ 5 ለ0.632 ይካፈላል። 0.632 የመጣው ኮሪሌሽኑን 0.8ን ከ1 ቀንሶ፣ በ2 አባዝቶ፣ ስኩዌር ሩቱን በመውሰድ ነው። 5 የነበረው 7.9 ይሆናል፤ ኢፌክት ሳይዙም ወደ 0.51 ይወርዳል። ሁለቱ አሠራሮች እኩል የሚሆኑት ኮሪሌሽኑ 0.5 ሲሆን ብቻ ነው።

ችግሩ ኮሪሌሽኑን የሚጽፍ ደራሲ ጥቂት ነው። አንድ ጥናት ግን ሦስቱንም ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሰጥቶ ነበር፦ የበፊቱን፣ የኋላውንና የለውጡን። ከሦስቱ ኮሪሌሽኑ ተሰልቶ ይወጣል። የበፊቱንና የኋላውን ስኩዌር ደምሬ፣ የለውጡን ስኩዌር ቀንሼ፣ ለበፊቱና ለኋላው ብዜት እጥፍ አካፈልኩ። ሲወጣ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ያንን ኮሪሌሽን ለሌሎቹ ተጠቀምኩበት፤ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ለማየት በ0.5 እና በ0.7ም ደግሜ አየሁት።

ኦንላይን ካልኩሌተር ላይ ቁጥር ከትቶ መውጣትን አልደግፍም። የገባው ቁጥር ከየትኛው ዲዛይን እንደመጣ ሳታውቁ መልስ ይሰጣችኋል። በኤክሴል ቀመሩን በእጃችሁ ጻፉ፤ የመጣበትን ገጽም አጠገቡ አስፍሩ።

ከሰንጠረዡ ውጭ አንድ ጥናት ቀርቶኛል። የቲ ዋጋ (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትነው ቁጥር) ብቻ ነው ያለው፤ የጥንድ (ያው ሰው ሁለቴ የተለካበት) ይሁን የሁለት ቡድን አልተጻፈም። ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። ለደራሲው ኢሜይል ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነው።