ሰፈሩ ራሱ ሲመሰክር፦ የአዲስ አበባ የግል መርማሪ ልብ ወለድ አጻጻፍ

የግል መርማሪ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመርማሪው ነው። ካፖርት ያለብሰዋል፣ ሽጉጥ ያስታጥቀዋል፣ ሲጋራ ያስጨብጠዋል። ከዚያ ከኋላው አዲስ አበባን ይስልለታል፦ ጀበና፣ ዝናብ፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ "ፒያሳ" የሚለውን ሰርዞ "ናይሮቢ" ብሎ መተካት ይቻላል፤ ታሪኩ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ፣ ለቅሶውና ጾሙ ጌጥ ብቻ ከሆኑ አንባቢ ይዘላቸዋል። ገዳዩን የሚያጋልጡ ወይም የሚሸሽጉ ከሆኑ ግን አንዲት መስመር አያልፍም።

አንድም ገጽ ሳይጻፍ ዓመቱ ይወሰን። ከተማዋ በየአሥር ዓመቱ ሌላ ከተማ ናት። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደዋል፤ ስለዚህ ሟች ለማን ኪራይ ይከፍል እንደነበር ማወቅ ኑሮውን ማወቅ ነው። የቀላል ባቡሩን መስመር ከ2008 በፊት ማንም ሊሳፈርበት አይችልም። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በ2017 ተጠርጣሪ ማሳደድም አይሆንም፤ ሰፈሩ በ2016 ፈርሷል። አንባቢ እንዲህ ያለውን ስህተት አንዴ ካገኘ ፍንጩንም አያምንም።

ለምሳሌ ያህል 1977 ክረምትን እንያዝ፤ ቦታው ሠራተኛ ሰፈር። ዘመኑ ለወንጀል ልብ ወለድ ምቹ ነው። ሰዓት እላፊ አለ፣ የቀበሌ ሱቅና የራሽን ካርድ አለ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ የለም። ሌሊት የወጣ ሰው ሁሉ ምክንያት ያስፈልገዋል። በአምስት ሰው ስም ስኳር የሚወሰድበት ቤት ውስጥ የሚኖሩት አራት ከሆኑ፣ አምስተኛው የት ነው?

መርማሪው ማን ይሁን? ጡረታ የወጣ ፖሊስ ይሆናል፤ ደላላም ይሆናል። እኔ የምመርጠው ግን ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ገመናውን ሳይጠየቅ ይነግረዋል። የትኛው መዝገብ በየትኛው ችሎት እንደሚታይ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ጽሑፍ ማንበብ ሥራው ነው። ስም የለሽ ደብዳቤ ቢደርሰው "ንጉሥ"፣ "ዓመት"፣ "ፀሐይ" በትክክለኛው ሆሄ ተጽፈው ሲያገኝ ጸሐፊው የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው መሆኑን ይገምታል፤ ይህንኑ የሚያውቅ ብልህ ወንጀለኛ ደግሞ ሆን ብሎ ሆሄ ሊያዛባ ይችላል። የጽሕፈት መኪናም የራሱ ጠባይ አለው። ጥርሷ የተበላ አንዲት ፊደል በየገጹ ያንኑ ጉድለት ታትማለች።

ሥልጣኑን በተመለከተ ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ነው። የግል መርማሪ ቤት ሰብሮ አይፈትሽም፣ ሰው ይዞ አያስርም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለማንኛውም ግለሰብ የሚፈቅደው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ መያዝን ነው፤ ያውም ወንጀሉ ቢያንስ የ3 ወር እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን። ፖሊስም ቢሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት የሚበረብረው፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ይህ ገደብ ለጸሐፊ ስጦታ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማስረጃው ያለበት ቤት መብራት ሲበራ መርማሪው ማድረግ የሚችለው ቆሞ ማየት ብቻ ነው፤ ምዕራፉም እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው።

የታሪኩን ፍጥነትም ሕጉ ይሰጣል። ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይጠይቃል። ግድያው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሐምሌ 16 ሌሊት ተፈጸመ እንበል። ንጹሑ ሰው ረቡዕ ሐምሌ 17 ተያዘ፣ አርብ ሐምሌ 19 ቀረበ። ቀጠሮዎቹ ነሐሴ 3፣ ነሐሴ 17፣ ከዚያ ጳጉሜን 1 ይሆናሉ። ሰው ሠራሽ ጥድፊያ መፍጠር አያስፈልግም፤ እስረኛው ስንቅ ከሚያመላልሱለት ቤተሰቦቹ ጋር ቀኑን ይቆጥራል፣ አንባቢም አብሮ ይቆጥራል።

"አጥቢያ" ላይ ትንሽ ልቆይ። ስድስት ሰዓት የሚለያየው የኛና የፈረንጅ ሰዓት መምታታት የታወቀ ዘዴ ስለሆነ አንባቢ ቀድሞ ይጠብቀዋል። ከእሱ የሚሻለው የሌሊት ጥያቄ ነው። አንዲት ምስክር "ማክሰኞ ሌሊት አየሁት" ብትል ሰኞ አልፎ ማክሰኞ የጠባበትን ሌሊት ማለቷ ነው ወይስ ማክሰኞ የመሸበትን? መዝገብ ያዡ ፖሊስ አንዱን ይጽፋል፣ እሷ ሌላውን ታስባለች፤ ማንም ሳይዋሽ ንጹሕ ሰው ይታሰራል። መርማሪው የሚፈታው ቀኑን ሳይጠይቅ በዓሉን በመጠየቅ ነው። ሐምሌ 16 ማክሰኞ ነበር፣ ኪዳነ ምሕረት ናት። "ያን ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር?" ብሎ ይጠይቃታል። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያለች ወሯን የምትቆጥር ሴት በቁጥር ትሳሳት ይሆናል፤ በበዓል ግን አትሳሳትም።

ጾምም እንዲሁ ይሠራል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረቡዕ ቀን አጥባቂ ቤት ውስጥ የተገኘ የዶሮ ወጥ ሰሐን እንግዳ እንደነበረ ይጠቁማል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና አርብ አይጾሙም፤ ይህን የረሳ ጸሐፊ ፍንጩ ይበላሽበታል።

ዝናቡን ለጆሮ ይጠቀሙበት። በሠራተኛ ሰፈር የጭቃ ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩ ቤቶች መካከል በጥር ወር የጎረቤት ሳል ሳይቀር ይሰማል። በሐምሌ ዶፍ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎችም ለመደማመጥ ይጮሃሉ። ስለዚህ "በግድግዳው በኩል ሲጨቃጨቁ ሰማሁ" የሚል ምስክር፣ ያን ሌሊት ዝናቡ ስንት ሰዓት አባራ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ብዙ ፍንጭ ወደሚገኝበት ጉዳይ፦ ዝምድና። የኛ ስም አባትን እንጂ እናትን አያሳይም። በእናት የሚገናኙ ሁለት ወንድማማቾች በወረቀት ላይ ባዕድ ናቸው። ይህን ዝምድና የሚያጋልጠው የእድር መዝገብ ነው። እድር ለአባል ሞት፣ ለእናት ሞት፣ ለወንድም ሞት የሚከፍለው ስለሚለያይ አባሉ ዘመዶቹን አስቀድሞ ያስመዘግባል። ከዓመታት በፊት "ወንድም" ብሎ ያስመዘገበውን ሰው ዛሬ "አላውቀውም" ቢል ደብተሩ ይመሰክርበታል። የእድሩ ጸሐፊ ግን ደብተሩን ለማንም አያሳይም፤ መርማሪው መጀመሪያ ለቅሶ ይደርሳል፣ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ማን እንደመጣ፣ ማን ቀርቶ እንደተቀጣ ያያል። ጥያቄ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ንፍሮው ሲዞር ነው።

የክርስትና ስምም አለ። ሰፈር የማያውቀው፣ በፍትሐት ላይ ካህናቱ የሚጠሩት ስም። ሟቿን በሩቁ ብቻ አውቃታለሁ ያለ ሰው፣ በሌላ ደብር የክርስትና ስሟን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጸሎት ሰጥቶ ቢገኝ፣ ከየት አወቀው?

የአነጋገር ማዕረግ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛ ያለ ቋንቋ የማይሰጠን መሣሪያ ነው። አከራይዋን በሰው ፊት "እርስዎ" የሚል ወጣት ደንግጦ "አንቺ" ካላት፣ ምሥጢራቸው ወጣ። ይህ በመጽሐፉ አንዴ ብቻ ይሁን፣ ያውም በረጅም ምልልስ መካከል፤ ተራኪው አያስረዳ።

ላቦራቶሪን በተመለከተ እጅን መሰብሰብ ይሻላል። በዚያ ዘመን አስከሬን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሄድ ነበር፣ ውጤቱ ለፖሊስ ይደርሳል፤ ማመልከቻ ጸሐፊ እጅ አይገባም። የጣት አሻራ ውጤት በማግስቱ የሚያመጣ ወዳጅ ፖሊስ መፍጠር ከላይ የተሠራውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

ዋናው ማስረጃ ምን ይሁን? ለምሳሌው የምመርጠው የብድር ውል ነው። ገዳዩ ሟች ገንዘብ ተበድራኛለች ብሎ በኋላ ያዘጋጀው፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1976 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለበት። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ 1975 ሉቃስ ነበር፣ 1976 ግን ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜን በ5 አበቃች። ውሉ የተጻፈበት ቀን በዓለም ላይ አልነበረም።

ይህ ፍንጭ የሚሠራው አንባቢ ቀድሞ ካየው ነው። ውሉ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምዕራፍ ሙሉውን ይታተም፦ የገንዘቡ መጠን፣ የእማኞች ስም፣ የወለዱ ስሌት፣ ከታች ቀኑ። አንባቢ ዓይኑን ገንዘቡ ላይ እንዲጥል፣ የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል ሲጻፍ ትንሽ ይለያይ፤ ሁሉም ያንን ስህተት ሲያሳድድ ቀኑ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጳጉሜን አንድም ቃል አይነሳ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የታሳሪው እናት የመጨረሻውን ቀጠሮ ስትሰማ "ጳጉሜን ዘንድሮ ስንት ናት?" ብላ ትጠይቅ። መፍቻው የሟቿ አርባ ላይ ይሁን። ከሐምሌ 16 ሲቆጠር ነሐሴ 25 ቅዳሜ ይውላል፤ ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ድግሱ ይፈቀዳል፣ ጎረቤት፣ ካህን፣ የእድር ዳኛና ገዳዩ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ማንም ሰው ማንንም በግድ መሰብሰብ አላስፈለገውም፤ መቅረት ራሱ ያስጠረጥራል። መርማሪው ውሉን ለካህኑ ሰጥቶ ቀኑ የየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደሆነ ይጠይቃቸው፤ ስሌቱን እሳቸው በጣታቸው ይቁጠሩት።